ደሟን ልለምን ካምባ የወጣሁ ቀን

ሚስቴ ትታን ከሄደች ስድስት ዓመት ሊሞላ ሲል ደሟን ልለምናት ካምባ ወጣሁ። ነገሩ ከቅዳሜ ጠዋት እስከ ሰኞ ረፋድ ባለው ጊዜ ውስጥ ያለቀ ነው። እኔን ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ስለ ራሴ የማያኮራ ነገር ስላለበት ለብዙ ጊዜ ለማንም ሳልናገረው ኖሬአለሁ።

ያኔ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጎጃም ነው። የሒሳብ መምህር ሆኜ ስመረቅ ዕጣዬ አርባ ምንጭ ወጣና ሴቻ ሰፈር ቤት ተከራይቼ ማስተማር ጀመርኩ። ዘነበችን ያገኘኋት እዚያው ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ስትሠራ ነው። ደጋው ላይ ያለችው የካምባ ከተማ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ሥራዋን ወዳድ። ተጋባን። ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ልጃችን ማህደር ተወለደች።

ማህደር እስከ ዓመት ከመንፈቋ ድረስ እንደማንኛውም ልጅ ነበረች። "አባ" ትላለች፣ "ውሃ" ትላለች፣ ሙዝ በገዛ እጇ ይዛ ትበላለች። ከዚያ ቃላቱ አንድ በአንድ ጠፉባት። መጀመሪያ "ውሃ" ጠፋ። ቀጥሎ እጆቿ ዕቃ መያዝ ተውና ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ይፋተጉ ጀመር፤ ልብስ የምታጥብ ይመስል። በመጨረሻ "አባ" ጠፋ። ሦስት ዓመት ሲሞላት ዘነበች አንድ ጠዋት ሻንጣዋን አንጠልጥላ በሩ ላይ ቆመችና "እኔ ከሌለሁ ይሻላታል" አለችኝ። ሌላ ነገር አልተናገረችም። ወጥታ ሄደች።

እኔም ልጇን ጠልታ የሸሸች ሴት ናት ብዬ ደመደምኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን አልፈለግኳትም፤ አንድ ደብዳቤ አልላክሁላትም።

በእነዚያ ዓመታት ማስተማርና ማህደርን ማጠብ፣ ማጉረስ፣ ማስተኛት እንጂ ሌላ ኑሮ አልነበረኝም። ሳስተምር እትዬ ብርቄ የምትባል ጡረተኛ ጎረቤቴ ትይዝልኛለች። ባልደረቦቼ መጀመሪያ አካባቢ ይመጡ ነበር፤ ልጅቷን ምን ብለው እንደሚያጫውቷት ስለማያውቁ ቀስ በቀስ ቀሩ። አልፈረድኩባቸውም። ማታ ማታ ክፍል ውስጥ የዋልኩትን ለማህደር እነግራታለሁ። ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ጥያቄውንም መልሱንም እኔው እናገራለሁ።

ማህደር ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት የሚከታተላት የሕፃናት ሐኪም አስጠራኝ። ቢሮው ውስጥ ዶክተር ሳራ የምትባል ወጣት አገኘሁ። ውጭ አገር ሆና የአንጎል ዕድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች የምታጠና ኢትዮጵያዊት ናት። አጠገቤ ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳችኝ።

"ከክንዷ ምስር የምታህል ቆዳ እንወስዳለን" አለችኝ። "የቆዳዋን ሴሎች ላቦራቶሪ ውስጥ ወደ ኋላ እንመልሳቸዋለን። ገና ፅንስ ሳለች እንደነበሩት፣ ቆዳ ይሁኑ አጥንት ይሁኑ ያልለየላቸው ይሆናሉ። ስቴም ሴል የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ የአንጎል ሴል እንዲሆኑ አድርገን እናሳድጋቸዋለን። የልጅቷን አንጎል ከፍተን ማየት አንችልም፤ በዚህ መንገድ ግን የሷ የአንጎል ሴል ሲያድግ የቱ ጋ እንደሚሳሳት እናያለን።"

"ትድናለች ማለት ነው?" አልኳት።

"አይደለም። ይህን በደንብ እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ከዚህ ጥናት ማህደር የምታገኘው መድኃኒት የለም። ምናልባት ከብዙ ዓመት በኋላ ሌሎች ልጆች ያገኙ ይሆናል።"

ደስ አላለኝም፤ ግን አመንኳት። ስድስት ዓመት ሙሉ "ትድናለች" ያሉኝ ሰዎች ናቸው ያታለሉኝ።

ከዚያ የኔም የእናቷም ደም እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። "ችግሩን የሚያመጣው ለውጥ ከአባት ሊመጣ ይችላል፣ ከእናት ሊመጣ ይችላል፤ ከማንም ሳይመጣም በሷ ሊጀምር ይችላል። የሁለታችሁን ካላየን አናውቅም። እኛ ደግሞ ሰኞ በከሰዓቱ አውሮፕላን እንሄዳለን።" ወረቀቷን አወጣች። "በቤተሰብዎ ውስጥ የማይናገር ወይም እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው ነበር?"

"የለም" አልኩ። ፈጥኜ ነው ያልኩት።

ቅዳሜ ጎሕ ሲቀድ ማህደርን ይዤ ከተማው ታችኛው ክፍል ወዳለው የሲቀላ መናኸሪያ ወረድኩ። የካምባ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሥር አስቀመጥኳት። የሞተር ድምፅ ትወዳለች፤ እስከ ሼሌ የሙዝ እርሻ ድረስ ፊቷ ፈክቶ ነበር። ዳገቱ ሲጀምር ሰውነቷ ዛለና ትከሻዬ ላይ ተኛች። አጠገባችን የተቀመጡ ሴት ሳትተኛ በፊት የሚፋተጉትን እጆቿን ዓይተው ፊታቸውን አዙረው ነበር። እኔ ለዘነበች የምናገረውን በልቤ አዘጋጅ ነበር። ሁሉም ወቀሳ ነው። "እናት ነሽ ወይ?" ብዬ እጀምራለሁ አልኩ።

ካምባ የደረስነው ስድስት ሰዓት አልፎ ነው። ገበያው ሞልቷል፤ ከቆላው በኋላ ብርዱ ይሰማል። ዘነበች ከመናኸሪያው ጀርባ ሻይ ቤት እንደከፈተች ሰዎች አሳዩኝ። ገባን። ትሪ ይዛ ቆማለች። ከስታለች፤ ጠጉሯ ጠርዝ ላይ ሽበት ጀምሯታል።

መጀመሪያ ያየችው ማህደርን ነው። ትሪውን አስቀምጣ ተጠጋች። ሁለት እርምጃ ሲቀራት ግን ቆመች። እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው። ተጸይፋት ነው አልኩ በልቤ።

"እንዴት ረዝማለች" አለች። ጎንበስ ብላ "ማህደር፣ ታውቂኛለሽ?" ብላ ጠየቀቻትና መልስ ጠበቀች። ከልቧ ነበር የጠበቀችው። ማህደር እጆቿን እያፋተገች አየቻት።

ዘነበች ቀና ብላ "አታወራም?" አለችኝ።

"አታወራም።"

"ጭራሽ?"

"አንድም ቃል።"

"እኔ ከሄድኩ በኋላ አልተሻላትም?"

ጥያቄው ወዲያው አልገባኝም። እሷ ግን ፊቴን ዓይታ መልሱን አወቀች። አጠገቧ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሻይ የሚጠጡት ሰዎች ዞረው አዩን። ተነስታ ወደ ጓዳ ወሰደችን።

ያኔ ነው የነገረችኝ። ማህደር መናገር ስታቆም ዘነበች ለብቻዋ ካምባ ወጥታ አንድ ሽማግሌ ጠይቃለች። ሰውየው "ጎሜ ነው" አሏት። ክልክል የሆነን ነገር በማፍረስ በሰው ላይ የሚመጣውን መዘዝ አገሬው ጎሜ ይለዋል። "የቤተሰብሽን ምርቃት ሳትጠብቂ ከሩቅ አገር ሰው ጋር ተጋባሽ፤ መዘዙ ልጅሽን ያዘ። አንቺ ከራቅሻት ይለቃታል" ብለዋታል።

"ለዚህ ነው የሄድሽው?"

"ለዚህ ነው። በየዓመቱ በልቤ እቆጥር ነበር። አሁን 'እማ' ብላለች፣ አሁን ትምህርት ቤት ገብታለች እል ነበር። እንዳልመጣ ደግሞ ፈራሁ። ብነካት ይመለስባት ይሆናል ብዬ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ትስቅብኛለህ።" ቀጥላም "ደግሞ አንተም ብለኸኝ ነበር" አለች። "በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም አልከኝ። ካንተ ቤት ካልሆነ ከኔ ነው ብዬ ነው ወደ ሽማግሌው የሄድኩት።"

አውቶቡስ ውስጥ ያዘጋጀሁት ወቀሳ ሁሉ ከውስጤ ጠፋ። ስለ ጥናቱ፣ ስለ ደሙ፣ ስለ ሰኞ እየተንተባተብኩ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

"ደሜን ብሰጥ ከኔ መሆኑ በማሽን ይረጋገጣል ማለት ነው" አለች። "አልችልም። እስካሁን ቢያንስ እጠራጠራለሁ።"

"ዘነበች..."

"አልችልም አልኩህ።"

የማደሪያ ክፍል ይዤ ማህደርን አበላኋት። ዝናብ መጣ። ቆርቆሮውን ሲደበድበው ማህደር ጣሪያውን ትክ ብላ ታያለች። እኔ ደግሞ ለማንም ስሟን ጠርቼ የማላውቃትን ሰው እያሰብኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

እህት ነበረችኝ። እናኑ ትባላለች። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች። አትናገርም፤ ሰው ሲመጣ ጓዳ ትገባለች፤ አባቴ በሯን ይዘጋል። እኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ታማ ሞተች። ቀብሯ ላይ የነበርነው ጥቂት ነን። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ ስሟ አልተነሳም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ "ስንት ናችሁ?" ሲሉኝ "ብቻዬን ነኝ" አልኩ። ለዘነበችም ያንኑ አልኩ። ማህደር መናገር ስታቆም መጀመሪያ ወደ ልቤ የመጣችው እናኑ ናት። ፈራሁ። ፍርሃቴን ደብቄ ሚስቴን "በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር የለም" አልኳት።

ዝናቡ ሲያባራ ማህደርን ደግፌ በጭቃው ወደ ሻይ ቤቱ ተመለስኩ። ዘነበች ለእራት የሚሆን የበቆሎ ቁርቁፋ ታድቦለቡላለች። ሳልቀመጥ ነገርኳት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ የተዘጋውን በር ጨምሬ።

እጇ የበቆሎ ሊጡ ላይ እንዳለ ቀረ።

"እህትም ወንድምም የለኝም ነበር ያልከኝ" አለች።

"አዎ።"

"ሻንጣዬን ይዤ ስወጣም ታውቅ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

"ሂድ" አለችኝ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "አሁን ሂድልኝ።"

እሑድ ጠዋት አውቶቡሱ ሞተሩን አስነስቶ ሰው እስኪሞላ ሲጠብቅ በመስኮት ወደ ሻይ ቤቱ አየሁ። በሩ ተዘግቷል። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስም አልተከፈተም። ቁልቁለቱን ስንወርድ ማህደር የሞተሩን ድምፅ እየሰማች ፈገግ አለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ከዚያ በፊት ብቻዬን ያደረገችኝ ሚስቴ ናት ብዬ እጽናና ነበር። አሁን የማመካኝበት ሰው አጣሁ።

ሰኞ በሦስት ሰዓት ሆስፒታል ደረስን። ዶክተር ሳራ የማህደርን ክንድ አደንዝዛ ምስር የምታህለውን ቆዳ ወሰደች። ማህደር አላለቀሰችም፤ ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም። ቆዳዋ ሮዝ ፈሳሽ ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ገባ። ሴሎቹ በሕይወት መድረስ ስላለባቸው ብልቃጡን ወዲያው ማቀዝቀዣ ሳጥን ውስጥ አስቀመጡት።

"እናቷስ?" አለችኝ።

"አትመጣም። ዶክተር፣ አንድ ነገር ላስተካክል። በቤተሰቤ ውስጥ የለም ያልኩት ውሸት ነው። የማትናገር እህት ነበረችኝ።"

ቀና ብላ አየችኝና አልወቀሰችኝም። ወረቀቷን አውጥታ ያለፈውን ሰርዛ ጻፈች። "ስሟ?" አለችኝ። "እናኑ" አልኩ።

አምስት ሰዓት ሊሆን ሲል ዕቃቸውን መሸከፍ ጀመሩ። ሳጥኑን ሊዘጉት ሲሉ በሩ ተንኳኳ። ዘነበች ናት። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ፣ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። እሑድ ከሰዓት ሙዝ ሊጭን በሚወርድ አይሱዙ መንገድ ላይ ያለችው ገረሴ ከተማ ደርሳ፣ እዚያ አድራ፣ ጎሕ ሲቀድ በሌላ መኪና ነው የመጣችው።

"የልጅቷ እናት ነኝ" አለች ለዶክተሯ። እኔን አላየችኝም። "መጀመሪያ በደሜ ምን እንደምታደርጉ ለኔም ይንገሩኝ።"

ዶክተር ሳራ ሰዓቷን አየች፤ ከዚያ ወንበር ሳብ አድርጋ ለኔ የነገረችኝን ሁሉ እንደገና ነገረቻት። ስለ ስቴም ሴል ስትደርስ ዘነበች ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

"እንሰት እንደማባዛት ነው" አለች። "ሥሩን፣ አሚቾውን ቆርጠው፣ ልቡን አውጥተው ሲቀብሩት ካረጀው ላይ አዲስ ችግኝ ይበቅላል።"

ዶክተሯ ፈገግ አለች። "ከዛሬ ጀምሮ እኔም እንደዚህ ነው የማስረዳው።"

"ከኔ ነው ቢልስ?"

"ቢልም የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ማንም ፈልጎ ለልጁ የሚሰጠው ነገር አይደለም።"

"ይህን ለሱም ይንገሩት" አለች ዘነበች። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ሰብስባ "መጀመሪያ የሱ ይቀዳ" አለች።

የኔ ተቀዳ። ቀጥሎ የሷ። ጥጡን ክንዷ ላይ እንደያዘች ሄዳ ከማህደር አጠገብ ተቀመጠችና ሁለቱን እጆቿን በመዳፏ ያዘች። ከስድስት ዓመት በኋላ መጀመሪያ የነካቻት ያኔ ነው። የማህደር እጆች እናቷ መዳፍ ውስጥ ሆነውም መፋተጋቸውን አልተዉም። ዘነበች ግን አልለቀቀቻቸውም። በጋሞኛ ቀስ ብላ ታዋራት ጀመር። ምን እንዳለቻት አላውቅም፤ ከአሥር ዓመት በላይ እዚያ አገር ኖሬ ቋንቋውን አልተማርኩም ነበር።

ሚኒባስ ድረስ ሸኘኋት። "ቤት አትገቢም?" አልኳት።

"አይ" አለች። "ለሷ ነው የመጣሁት።"

ውጤቱ ዓመት ሊሞላው ሲል መጣ። ዶክተር ሳራ ለሥራ ስትመለስ አስጠርታኝ ሁለት ፎቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። አንዱ የጤነኛ ሰው ነው፤ ሴሉ እንደ ዛፍ ሥር ተሰራጭቶ ከጎረቤቶቹ ጋር ተያይዟል። ሌላው ከማህደር ቆዳ የተገኘው ነው። እሱም ሕያው ነው፤ ግን ቅርንጫፎቹ አጫጭርና ጥቂት ናቸው፤ ከጎረቤቶቹ ጋር እምብዛም አይገናኙም። ለብዙ ደቂቃ አየሁት።

"ለውጡ በእርስዎም በእናቷም ደም ውስጥ የለም" አለችኝ። "በማህደር ነው የጀመረው።"

"እህቴስ?"

"የእህትዎ ምን እንደነበረ አሁን ማወቅ አይቻልም። ከዚህ ጋር የሚያገናኘው ግን አላገኘንም።"

በሳምንቱ ካምባ ወጣሁ። ዘነበች ፎቶውን ወደ ብርሃን አቅርባ አየችው። የነገርኩትን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

"ከሁለታችንም አይደለም?"

"ከሁለታችንም አይደለም።"

ደስ ይላታል ብዬ ነበር። ፎቶውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ "እንግዲያው ስድስት ዓመት ሙሉ የሸሸሁት ከምንድን ነው?" አለችኝ።

መልሱ የኔ ውሸት መሆኑን ሁለታችንም እናውቀዋለን።

እንደገና አብረን አልኖርንም። አንባቢ እንዲያ እንዲሆን ሊጠብቅ ይችላል፤ እኔም ለተወሰነ ጊዜ ጠብቄአለሁ። "ይቅር ለማለት እየሞከርኩ ነው፤ እስከዚያ ልጅቷን አምጣልኝ" አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ክረምት ክረምት ማህደርን ካምባ አደርሳትና ብቻዬን እመለሳለሁ። ሁለቱን ወር ሴቻ ያለው ቤት ጭር ይላል። ማህደር አሁንም አትናገርም። እናቷ ግን ሻይ ቤቱ በር ላይ ገበያተኛው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ ታስቀምጣታለች፤ "ልጄ ናት" ትላለች ለጠየቃት ሁሉ።

ይህን ለምታነቡ አንድ ነገር ልበል። ሳይንሱ ልጄን አላዳናትም፤ አድናለሁም አላለኝም። ሴሎቿ ግን ዛሬም የሆነ ቦታ እየተጠኑ ነው፤ የማላውቃት እናት አንድ ቀን ትጠቀምበት ይሆናል። እኔን የለወጠኝ ግን የፎቶው ውጤት አይደለም። በልጄ ላይ ለደረሰው ነገር ምክንያት አልነበርኩም፤ በሚስቴ ላይ ለደረሰው ግን ነበርኩ። ያንን የሚያሳይ ማሽን የለም፤ ሰው ራሱ ነው የሚናገረው። በቤታችሁ የተዘጋ በር ካለ፣ ስሙን የማትጠሩት ሰው ካለ፣ ለምትወዱት ሰው ዛሬ ንገሩት። እኔ እስክናገር ድረስ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ፤ የከፈለችው ግን እሷ ናት።